ቆጣሪው የመጣ ቀን

«በጎቼ የት አሉ?» አለኝ ኦድቫር።

«የምን በጎች?» አልኩት።

የቆምነው በረቱ በር ላይ ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ውስጡ ግን ከድርቆሽና ከበግ በጠጥ ሽታ በቀር ምንም የለም። ኦድቫር ከንጋት ጀምሮ በረዶ ሲጠርግበት የቆየውን ትራክተር ሞተሩን እንኳ አላጠፋውም፤ ከኋላችን ዱፍ ዱፍ ይላል። ከኦድቫር ጎን ቦርሳ ያንጠለጠለ፣ አፍንጫው በብርድ ቲማቲም የመሰለ የኮሙኑ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ማለት ነው፣ ሰውዬ ቆሟል።

«ጤና፣ በጎቼ!» አለ ኦድቫር እንደገና፣ ስሜን ጠርቶ። ቋንቋው የጠፋብኝ መስሎት በእጁ የበግ ቁመት ለካልኝ፤ ደግሞም «ምእእ» አለልኝ።

ቋንቋው አልጠፋብኝም። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ በክፍሌ ውስጥ ኖርዌጅኛን ከኖርዌጆቹ ልጆች በላይ የምጮኸው እኔ ነኝ። ባለቦርሳው ሰውዬ በደንብ እንዲሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «አንተ በግ የለህም። ኖሮህም አያውቅም» አልኩት። ከዚያ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ጠቀስኩት።

ኦድቫር አፉን ከፍቶ ቀረ። ፊቱ መጀመሪያ ነጣ፤ ቀጥሎ ቀላ። ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፣ እንደገና አወለቀ። እኔም በልቤ «ወይ ጉድ!» አልኩ። «ይሄ ዝምተኛ ሰውዬ እንዲህ ማስመሰል ይችላል እንዴ?»

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። እኔ የጽሑፍ ሰው አይደለሁም። የምሠራው ባርነሃገ፣ ሕፃናት መዋያ ነው፤ በቀን ውስጥ የምጽፈው ነገር ቢኖር የሕፃናት ጓንት ላይ ስም ነው። ይህንን እንድጽፍ ያደረገችኝ ጎረቤቴ ሉሊት ናት። ሉሊት ሐኪም ናት፤ አመሩድ በሚባለው ሰፈራችን እኛ ብሎክ ከገባች ገና ሁለተኛ ዓመቷ። ባለፈው ብስክሌቷን ልታስቀምጥ አብረን ምድር ቤት ስንወርድ፣ የብረቱ በር ላይ ያለችውን ጎድጓዳ አየችና «ይሄን ደግሞ ምን መታው?» አለችኝ።

«በግ» አልኳት።

«ጤናዬ፣ አንቺ ደግሞ!» ብላ ትከሻዬን መታ አድርጋ ሳቀችብኝ። የሕክምና ትምህርት ብዙ ዓመት ይፈጃል ይባላል፤ ስለ በግ ግንባር ግን የሚያስተምሩ አይመስለኝም። ስለዚህ ሉሊትዬ፣ ይኸው።

አባቴን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ጋሽ ግዛው ማለት ያ የሰፈሩ ሱቅ በር ላይ ቆሞ የሰዉን ዘንቢል የሚመረምረው ሽማግሌ ነው። ያኔ ግን ጎልማሳ ነበር፤ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነው። ከወሎ በሱዳን አድርገን፣ ከሱዳን በአውሮፕላን መጥተን አመሩድ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሰፈርን። እናቴ ጌጤ ቶሎ የጽዳት ሥራ አገኘች። አባዬ ግን መስኮት ሥር ተቀምጦ ይውላል። ከብሎኮቹ ጀርባ ጫካው ይጀምራል፤ ጫካው ዳር ደግሞ ቀይ በረት ያለው ትንሽ እርሻ ነበር። አንድ ቀን ከዚያ በረት በጎች ሲወጡ አየ። አባዬ ከመቀመጫው የተነሣው ያን ቀን ነው ብል አላጋነንኩም።

ሄዶ አጥሩን ተደገፈ። ባለቤቱ ኦድቫርም ወጥቶ ከወዲያ በኩል አጥሩን ተደገፈ። ሁለቱም ዝም። አባዬ ኖርዌጅኛ አይችልም፤ ኦድቫር ይችላል፣ ግን ኖርዌጅ ስለሆነ አይናገረውም። እንዲህ እየተደጋገፉ ሰንብተው አንድ ጠዋት ኦድቫር ምንም ሳይናገር መንሽ አቀበለው። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ኦድቫር ለብሎኮቹ በረዶ ሲጠርግ፣ ለበጎቹ ድርቆሽ የሚሰጠው አባዬ ሆነ። ደመወዙ ድንች ነው፤ ለትንሣኤ ደግሞ አንድ ጠቦት። እናቴ፣ «ሚስት ለማግኘት እንኳ እንዲህ አልተመላለስክም» ትለው ነበር።

እንግዲህ ቆጣሪው ሊመጣ ዋዜማው ላይ፣ ትምህርት ቤት ለክረምት ዕረፍት ተዘግቶ ነበርና እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። ኦድቫር ወጥ ቤት ዋፍል እየበላን ነው። ኦድቫር አልበላም። ሹካውን ያዞረዋል፣ ግንባሩን ያሻል።

«ነገ ከኮሙኑ ሰው ይመጣል» አለኝ። «በጎቹን ሊቆጥር። ለአባትሽ ንገሪልኝ። ሌሊት እንቅልፍም አልወስድ ብሎኛል።»

ነገርኩት። ቃሉን አንድ በአንድ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የተረጎምኩት። ዛሬ በየቢሮው ለሰው የሚያስተረጉሙ ባለሙያዎች ከዚህ የተሻለ አያደርጉም። አባዬ የያዘውን ዋፍል ቀስ አድርጎ ሳህኑ ላይ መለሰው።

«ስንት ሰው ነው የሚመጣው?»

«አንድ ነው ይላል።»

«መሣሪያ ይዟል?»

ኦድቫርን ጠየቅሁት። ኦድቫር ጥያቄው ግራ ገብቶት፣ «አይ፣ ቦርሳ ነው የሚይዘው» አለ።

«ቦርሳ!» አለ አባዬ። «ቦርሳ ይብሳል።»

አሁን አዋቂ ሆኜ ሳስበው፣ ሁለት ገበሬዎች አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠው ስለ አንድ ሰውዬ ይጨነቃሉ፤ ጭንቀታቸው ግን ጀርባና ጀርባ ነው። በዚህ አገር መንግሥት ለገበሬ ይከፍላል። በበጉ ልክ ይከፍላል። ገበሬው በብርዱና በድንጋዩ ተማርሮ መሬቱን ጥሎ እንዳይሄድ፣ ማሳውም ተመልሶ ጫካ እንዳይሆን ነው። ታዲያ አልፎ አልፎ ሰው ይልክና፣ አሉኝ ያልካቸው በጎች በርግጥ አሉ ወይ ብሎ ያያል። ካሉ ይከፈላል። ከሌሉ ክፍያው ይቀራል፤ ስምም ይጠፋል። ኦድቫር ያን ዓመት የበረቱን ጣሪያ በብድር አድሶ፣ ድርቆሹም አልቆበት፣ ያቺን ክፍያ ነበር የሚጠብቀው። እሷ ከቀረች በጎቹ ይሸጣሉ፤ እርሻውም ይዘጋል። ቆጣሪው ለምን እንደሚመጣ ግን አልነገረንም። ለአንድ የኖርዌይ ገበሬ ይህንን ማስረዳት ዝናብ ወደ ታች እንደሚዘንብ እንደማስረዳት ነው።

አባዬ የሚያውቀው ቆጣሪ ሌላ ነው። ማታ እንቅልፍ እንዲወስደኝ የሚነግረኝ ተረት ሁሉ ስለ ቆጣሪ ነበር። በደርግ ጊዜ ቆጣሪ መጣ ሲባል፣ አያቴ በጎቹን ለየዘመዱ አደራ ይበትናል፤ የቀሩትን ገደል ለገደል ወስዶ ዋሻ ያስገባቸዋል። የተቆጠረ እህል በኮታ ይሄዳል፤ የተቆጠረ በሬ ግብር ይወጣበታል፤ የተቆጠረ ልጅ ጦር ሜዳ ይዘምታል። እንዲያውም አባዬ፣ ቆጣሪ ባይኖርም ከብት መቁጠር ደግ አይደለም ባይ ነው። «ከብት ሲቆጠር ይቀንሳል» ይላል። የኦድቫርን በጎች በመልካቸው ያውቃቸዋል እንጂ ስንት ናቸው ብትሉት አይነግራችሁም ነበር።

ከኦድቫር ቤት ተመለስን። ሊፍቱ ውስጥ ስንገባ አባዬ፣ «ጤናዬ፣ ጠዋት ጫማሽን አጥብቀሽ እሠሪ» አለኝ።

ጎህ ሲቀድ በረቱ ውስጥ ነበርን። አባዬ ኪሱን ጨው ሞልቶ መጥቷል። ቃጭል የምታስረዋን አሮጊት በግ አንገቷን አቅፎ ቃጭሏን በጨርቅ ጠቀለለና ጨው አላሳት፤ እሷ ስትከተለው ሌሎቹም ተከተሉ። እኔ ከኋላ ነኝ። አንዲት ሆዷ የተነፋ በግ እየቀረችብኝ እየገፋኋት እሄዳለሁ። በረዶው ከእግራቸው ሥር ይንኮሻኮሻል፤ ትንፋሻቸው እንደ ጭስ እየተነሣ ጀርባቸው ላይ ያርፋል። በጫካዋ ቀጭን መንገድ ስንወርድ፣ ታች በብሎኮቹ መሃል የኦድቫር ትራክተር መብራት ወዲያ ወዲህ ይላል። አባዬ አንድ የጥድ ቅርንጫፍ ሰበረና ዱካችንን ጥረጊ ብሎ ሰጠኝ። የጠረግሁት ሁሉ ከበፊቱ ይልቅ ጎልቶ ይታይ ነበር፤ ቢሆንም ጠረግሁ።

ኦድቫር ዞሮ ወዲያኛው ብሎክ ሲሄድ ጠብቀን በጎቹን የብስክሌት ማስቀመጫው ምድር ቤት አስገባናቸው። የመግቢያውን በረዶ አሁን ገና ጠርጎ ያመቻቸልን ራሱ ኦድቫር ነው።

ችግር የፈጠረው አውራው በግ ነው። ኮንገን ይባላል፤ በኖርዌጅኛ ንጉሡ ማለት ነው። ምድር ቤት አልገባም አለ። ወደ ኋላው አፈገፈገና የብረቱን በር በግንባሩ አቀመሰው። ብሎኩ በሙሉ ደወል የተደወለ መሰለው። ሉሊት፣ ያቺ ጎድጓዳ እሷ ናት። አባዬ፣ «ይሄ ያስበላናል!» አለና ቀንዱን ይዞ ሊፍት ውስጥ ከተተው። እኔም ገባሁ። በሩ ሊዘጋ ሲል ከኛ በላይ የሚኖሩት አሮጊት፣ ፍሩ ሃውገን (ፍሩ ወይዘሮ ማለት ነው)፣ ጋዜጣቸውን ይዘው ገቡ። ኮንገንን አዩ። አባዬን አዩ። «ጉ ሞረን» ብለው እንደምን አደራችሁ አሉን፤ ከዚያ እንደ ማንኛውም ጨዋ ኖርዌጅ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው የፎቁን ቁጥር ማየት ጀመሩ። ኮንገን የኮታቸውን ቁልፍ ያኝካል፤ እሳቸው ዝም። ሦስተኛ ፎቅ ስንወርድ «መልካም ቀን» አሉን።

ኮንገንን መታጠቢያ ቤታችን ውስጥ ዘጋንበት። ያኔ አባዬ ፊቴ ተንበረከከ።

«አንቺ ተመልሰሽ በረቱ ጋ ትቆሚያለሽ። እኔ ከበጎቹ ጋር ነኝ። ሰውዬው ሲጠይቅ በግ የለም በይ። ልጅ ነሽ፤ ማንም አይነካሽም።»

«ኦድቫር ያውቃል?»

«አልነገርኩትም። ያልሰማውን ገርፈው አያወጡትም» አለ። «ግን ሲያይ ይገባዋል። ገበሬ ነው፤ ለገበሬ ይሄ አይነገረውም።»

ይኸው ነው። እኔ ያን ጠዋት በረቱ በር ላይ ቆሜ፣ ባዶውን በረት ሲያይ ኦድቫር ወዲያው እንደሚገባው ርግጠኛ ነበርኩ። ስለዚህ ሲነጣና ሲቀላ፣ ኮፍያውን ሲያወልቅና ሲያደርግ፣ የማስመሰል ችሎታው ብቻ ነው የታየኝ። ቢፈቀድልኝ ባጨበጨብኩለት።

የኮሙኑ ሰውዬ ወረቀቱን አየ። በረቱን አየ። «ህም» አለ።

«ትናንት ነበሩ» አለ ኦድቫር። ድምፁ ቀጥኗል። «እምልልሃለሁ፤ ትናንት ማታ እዚህ ነበሩ።»

አይ ኦድቫር፣ አልኩ በልቤ። አሁን ደግሞ አበላሸኸው! በፍጥነት ገባሁበትና፣ «ትናንትም አልነበሩም» አልኩ።

ሰውዬው ወደ እኔ ጎንበስ አለ። ዓይኑ የተቆጣ አልነበረም። «ስሚ የኔ ልጅ፤ እኔ ልጎዳው አልመጣሁም። በጎቹን ካየሁለት ገንዘብ ይከፈለዋል። ለዚህ ነው የመጣሁት።»

እዚህ ላይ ሳቄን ነው የያዝኩት። በአባዬ ተረት ውስጥ ቆጣሪዎች ሁልጊዜ የሚመጡት ሊሰጡ ነው። ስኳር ልናድል ነው፣ የከብት ክትባት ልንሰጥ ነው ብለው ያስመዘግባሉ፤ በሳምንቱ በሬው የለም። አገሩ ሌላ፣ ቦርሳው ያው! ክንዴን አጣጥፌ፣ «ቢከፍሉትም በግ የለውም» አልኩ።

ሰውዬው ተነፈሰና ቀና አለ። «መኪናዬ ውስጥ ትንሽ እጠብቃለሁ» አለው ኦድቫርን። «ካልተገኙ ግን የለም ብዬ መጻፍ ግድ ይሆንብኛል።» በበረዶው ላይ እየተንሸራተተ ሄደ።

አሸነፍን! ኦድቫር ዞሮ እስኪስቅልኝ ጠበቅሁ። ኦድቫር አልዞረም። በረቱ ውስጥ ገባ። ሊስቅ ተደብቆ ነው ብዬ፣ አብሬው ልስቅ በሳንቃው ክፍተት አጮለቅሁ።

ከአንዱ ጋጣ ወደ አንዱ ይሄዳል። ባዶውን ግርግም በእጁ ይዳብሳል፤ የበጎቹን ስም ይጠራል። «ሊታ» ይላል። ይጠብቃል። «ሩሳ።» ይጠብቃል። ከዚያ ባልዲ ደፍቶ ተቀመጠና ፊቱን ኮፍያው ውስጥ ቀበረው። ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ወደ መኪናው ዞሬ አየሁ። ሰውዬው ሩቅ ነው፤ ከፔርሙዙ እየቀዳ ይጠጣል። ማንም ኦድቫርን አያየውም። የዘጠኝ ዓመት ልጅም ብትሆኑ ይሄ ይገባችኋል፦ የሚያስመስል ሰው ተመልካቹ ሲሄድለት ማልቀሱን ያቆማል። ኦድቫር ግን ገና መጀመሩ ነበር።

ቁልቁለቱን በእግሬ አልወረድኩትም፤ በቂጤ ተንሸራትቼ ነው። የምድር ቤቱን በር በጉልበቴ ገፍቼ ስገባ ሙቀቱና የሱፉ ሽታ ፊቴን መታኝ። በጎቹ በብስክሌቶቹ መሃል ተኝተው ያመሰኳሉ። አባዬ ጃኬቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ አንድ እርጥብ ነገር በሹራቡ ያሻል። ያቺ ሆዷ የተነፋችው በግ ወልዳለች! ኦድቫር እንኳ ከሚያዝያ በፊት ይወለዳል ብሎ አልጠበቀም። ኮንገን መስከረም ላይ አጥር ዘሎ የሠራው ሥራ ነው።

እናቴ ደግሞ ከሥራ መልስ በወዲያኛው በር በደረጃው ወረደች፤ የጽዳት ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም።

«ግዛው» አለች በጣም ረጋ ብላ፣ «መታጠቢያ ቤት ያለውን እንግዳ ማነው የጋበዘው?»

«አባዬ!» አልኩ እኔ። «ሰውዬው ለኦድቫር ሊከፍለው ነው የመጣው። በጎቹን ካየ ገንዘብ ይከፍለዋል።»

«እንደሱ ነው የሚሉት» አለ ቀና ሳይል።

«ኦድቫር እያለቀሰ ነው።»

«ጎሽ! ያልቅስ። ሰውዬው ያዝንለታል።»

«ሰውዬው የለም። ብቻውን ነው። በረቱ ውስጥ፣ ማንም ሳያየው ስማቸውን እየጠራ ነው የሚያለቅሰው።»

የአባዬ እጅ ግልገሏ ላይ ቆመ።  እናቴ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«ወጥመድ ቢሆንስ ጌጤ?» አላት። እንደዚያ ባለ ድምፅ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር። «በገዛ እጄ ነድቼ አስረከብኳቸው ማለት እኮ ነው። የሰው አደራ!»

«ወጥመድ ከሆነ አብረነው እንገባበታለን። አዲስ አይሆንብንም» አለችው። «ወጥመድ ካልሆነ ግን፣ ያንን ሰው ዛሬ ያጠፋው መንግሥት አይደለም። አንተ ነህ።»

አባዬ ግልገሏን አንገቱ ላይ አደረጋት። ተነሣ። በሕይወቱ መንግሥትን ያመነበት የመጀመሪያው ቀን ነው። የቃጭሏን ጨርቅ ፈታና በሩን በሁለት እጁ በረገደው።

የወጣነውን አወጣጥ ማየት ነበረባችሁ። ፀሐይ ወጥታ በረዶው ያበራል። አባዬ ግልገሏን ተሸክሞ ከፊት፣ ቃጭሏ እየተንቃጨለች ከኋላው፣ በጎቹ ተግተልትለው ከምድር ቤት ይወጣሉ፤ ያልቃሉ ስትሉ ሌላ ይወጣል። እናቴ ኮንገንን በሊፍት አውርዳ በቀንዱ እየጎተተች ተቀላቀለችን። ኮንገን እሷን እንደ አባዬ አልታገላትም፤ እናቴን የሚታገላት ፍጡር እስካሁን አላጋጠመኝም። ሰዉ ወደየበረንዳው ወጣ። ፓኪስታኖቹ ልጆች ያፏጫሉ፤ አንዱ ከላይ ያጨበጭባል፤ ሌላውም ተቀበለው፤ ጭብጨባው ከብሎክ ብሎክ ሄደ። ፍሩ ሃውገን በረንዳቸው ላይ ቆመው የብሔራዊ በዓሉን ትንሽ ባንዲራ ያውለበልባሉ። ምክንያቱን አልጠየቁም። እስከ ሞቱበት ቀን አልጠየቁም።

ከላይ ደግሞ መኪና እየወረደ ነው። ቆጣሪው መሄዱ ነው። ከኋላው ኦድቫር በትራክተሩ ይከተላል፤ የት ሊሄድ እንደነበር ራሱም አላወቀውም ነበር፣ በኋላ እንደነገረኝ። እኔ ቅርንጫፌን እያውለበለብኩ መንገዱ መሃል ገባሁ።

«አሉት!» እያልኩ ነው የምጮኸው። «በግ አለው! ብዙ በግ አለው!»

መኪናው ቆመ። በጎቹ ዙሪያውን ከበቡት። ሰውዬው በሩን መክፈት አቅቶት በመስኮቱ ሾልኮ ወጣና የበረዶ ክምር ላይ ወጥቶ ቆመ። አንዲት በግ ከኋላው አንድ ጓንቱን ከኪሱ መዝዛ ታኝክለታለች። ጣቱን ቀስሮ «ኤን፣ ቱ፣ ትሬ» ብሎ ጀመረ። ያኔ ከጎኔ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። አባዬ ነው። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይላል፣ ከንፈሩ ብቻ እየተንቀሳቀሰ። ከብት ቆጥሮ የማያውቀው አባቴ ከመንግሥት ጋር ይቆጥራል! ሰውዬው እንዳያጭበረብር ነው። ኦድቫር ከትራክተሩ ወርዶ ኮፍያውን በሁለት እጁ እንደያዘ ቆሟል፤ የሚተነፍስ አይመስልም።

ሁለቱም ኮንገን ላይ እኩል ጨረሱ። ሰውዬው ወረቀቱን አየ። አንገቱን ነቀነቀ። «አዎ» አለ፤ «ልክ ነው።»

«ተሳስቷል በይው» አለ አባዬ፣ አንገቱ ላይ ያለችውን እያሳየ። «አንድ አልፎታል።»

ኦድቫር ግልገሏን ያኔ ነው ያያት። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት አንድ ድምፅ አወጣና አባዬን ከነግልገሏ አቀፈው። ኖርዌጅ ሰው ሲያቅፍ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት፤ አባዬም እጁን የት እንደሚያደርግ አላወቀም። ከብት ሲቆጠር ይቀንሳል ባዩ አባቴ፣ ተቆጥሮ የጨመረ መንጋ በዓይኑ አየ።

ክፍያው መጣ። ጣሪያው አልተወሰደም፤ በጎቹ አልተሸጡም። እርሻው ዛሬም አለ፤ የያዘችው የኦድቫር ልጅ ናት። በየዓመቱ ጸደይ ሲሆን የባርነሃገ ልጆቼን በሁለት ረድፍ አድርጌ ግልገሎቹን ላሳያቸው እወስዳቸዋለሁ። አባዬ ከሱቁ በር ተነሥቶ ይከተለናል፤ ልጆቹ በግ ሊቆጥሩ ሲጀምሩ አብሯቸው ይቆጥራል። ኦድቫር ያቺን ግልገል ስም አውጣላት ብሎት ነበር። «መንግሥት» አላት። ሦስት ወር በጡጦ አሳደጋት። ከእናቴ ጋር ሲጣሉ፣ «ተወኝ፣ ሂድና መንግሥትህን አጥባ» ትለው ነበር።

ይሄ ሁሉ ግን በኋላ ነው። ያን ጠዋት በጎቹ ወደ በረታቸው መንገድ ሲጀምሩ ሰውዬው ቦርሳውን ዘግቶ ወደ እኛ መጣ። አንድ እጁ ባዶ ነው፤ ጓንቱ ተበልቷል። አፍንጫው ይንጠባጠባል፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ በረዶ ነው።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ» አለኝ። «አባትሽ ለምን ነው የደበቃቸው?»

ተረጎምኩለት። አባዬ ትንሽ አሰበ።

«መንግሥት ይመጣል ተብሎ ነዋ።»

መለስኩለት። ሰውዬው ሳቀ፣ ባዶ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «መንግሥት ማለት እኮ እኔ ነኝ» አለ።

ይህንንም ተረጎምኩ። አባዬ ከጫማው ጀምሮ ሱሪውን፣ ጓንት የሌለውን እጁን፣ የሚንጠባጠበውን አፍንጫውን አንድ በአንድ ተመለከተው።

«አይመስሉም በያቸው» አለኝ።